ጥንቸል አትጾምም! ጥንቸላችሁን ከማስኮላሸታችሁ በፊትና በኋላ ማወቅ ያለባችሁ

ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲገባ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ይባላል። ውሻና ድመትም ማደንዘዣ ከመወጋታቸው በፊት ይጾማሉ። ጥንቸል ግን አትጾምም። ቀዶ ሕክምናው እስኪጀመር ድረስ ትበላለች፣ ስትነቃም ቶሎ መብላት አለባት። ከዚህ ጽሑፍ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ እንኳን የጥንቸላችሁን ሕይወት ልታተርፉ ትችላላችሁ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቀን እንናገራለን? አገራችን ውስጥ ጥንቸል ማሳደግ ብዙም የተለመደ አይደለም። በኦርቶዶክስ ክርስትና ባህል ሥጋዋ ስለማይበላ የሚያረባት ሰው ጥቂት ነው። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ አህያና ግመል ነው። ስለዚህ ጥንቸል የያዘ ሰው ሁሉን ነገር ለሐኪሙ ጥሎ መቀመጥ አይችልም። ራሱም ማወቅ አለበት። እኛም የሐረርን ሁኔታ እያሰብን፣ ከዝግጅቱ እስከ ማገገሚያው ድረስ ደረጃ በደረጃ አዘጋጅተንላችኋል።

ለመሆኑ ለምን ይኮላሻሉ?

አንደኛው ምክንያት መራባት ነው። ሴት ጥንቸል የምታረግዘው ከ30 እስከ 32 ቀን ብቻ ነው። በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልትጠቃና ልትጸንስ ትችላለች። በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ግልገል መውለድ ለእሷ ተራ ነገር ነው። ወንድና ሴት ሆነው የተገዙ ሁለት ጥንቸሎች በሁለት ወር ውስጥ አስር ቢሆኑ አትገረሙ። ጀጎል ውስጥ ባለ ጠባብ ግቢ ደግሞ አስር ጥንቸል የት ይቀመጣል?

ሁለተኛው ጤና ነው። ሳትኮላሽ ያደገች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ከ4 ዓመት ሲያልፍ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በጣም ከፍ ይላል። በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። ማህፀኗና የእንቁላል ከረጢቶቿ ከወጡ ይህ ስጋት አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ጠባይ ነው። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ሽንቱን በየቦታው ይረጫል፣ ከሌላ ወንድ ጋር ሲገናኝም እስከ መቦጫጨቅ ይጣላል። ሴቷም ቤቷን እየጠበቀች መንከስና መቧጨር ልትጀምር ትችላለች። ከተኮላሹ በኋላ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ፣ አንድ ቦታ ላይ መጸዳዳትንም በቀላሉ ይለምዳሉ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ወንዱን ከ4 እስከ 5 ወር፣ ሴቷን ከ5 እስከ 6 ወር ላይ ማስኮላሸት የተለመደ ነው። የወንዱ ከሴቷ ይቀላል፤ ሆድ አይከፈትም፣ ቁስሉም ትንሽ ነው። ወንድና ሴት አብረው ካሏችሁና ዋናው ጭንቀታችሁ መራባት ከሆነ ከወንዱ መጀመር ብልህነት ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው?

እውነቱን መነጋገር አለብን። ብሪታኒያ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በማደንዘዣ ምክንያት የሚሞቱ እንስሳትን ቆጥሮ ነበር። ከ100 ውሾች 0.17፣ ከ100 ድመቶች 0.24፣ ከ100 ጥንቸሎች ግን 1.39 ሞተዋል። ይህ ቀደም ብለው የታመሙትንም የሚጨምር ነው፤ ጤነኛ ጥንቸል የተሻለ ዕድል አላት።

ግን ልብ በሉ፤ ከሞቱት ጥንቸሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ላይ ሳይሆን ካለቀ በኋላ ነው። ማለትም ትልቁ አደጋ ያለው ከቢላው በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የእናንተ እጅ አለበት።

ምክንያቱ ሆዷ ነው። የጥንቸል አንጀት እንደ ወፍጮ ነው፤ ሳር ከላይ መግባቱን ካቆመ ይቆማል። አንጀቷ ሲቆም ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ይዛባሉ፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያማታል። ሲያማት ደግሞ የባሰ አትበላም። ይህ አዙሪት በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ሰውና ውሻ የሚጾሙት በማደንዘዣ ውስጥ እንዳያስመልሱና ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ጥንቸል ግን በተፈጥሮዋ ማስመለስ አትችልም። ታዲያ ጾሙ ለምን? አይጠቅማትም፣ ይጎዳታል እንጂ።

ሐረር ላይ የት እንሂድ?

በአቅራቢያችን ትልቁ አማራጭ ከከተማችን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። በምሥራቅ በኩል የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ራቅ ሲል ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ ደግሞ የውሻና የድመት የግል ክሊኒኮች አሉ። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ጥንቸል በዚያው ቀን ይዞ መመለስ አይታሰብም። ዘመድ ካላችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ማደር አለባችሁ።

ኮሌጅ ስላለ ብቻ «ጥንቸል ይሠራሉ» ብላችሁ አትሂዱ። ቀድማችሁ ደውሉ ወይም ያለ ጥንቸሏ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተማው ውስጥ ያሉትን የእንስሳት ክሊኒኮችም እንዲሁ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፦

1. ጥንቸል አኮላሽተው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ? ውጤቱስ?
2. ከቀዶ ሕክምናው በፊት ላጹማት? (ትክክለኛው መልስ «አይ፣ ሳርና ውሃ ከፊቷ አይጥፋ» የሚል ነው።)
3. የምትደነዝዘው በምንድን ነው? መጠኑ የሚሰላው ተመዝና ነው ወይ?
4. ለሕመም ማስታገሻ ምን ይሰጧታል? ለቤትስ ስንት ቀን የሚሆን?
5. አንቲባዮቲክ ካስፈለገ የትኛውን?

ሐኪም በጥያቄ ይቀየመኛል ብላችሁ አትፍሩ። «ዶክተር፣ ስለ ጥንቸል ትንሽ አንብቤ ነበር፣ ልጠይቅዎት?» ብሎ በአክብሮት መጀመር ነው። ጥሩ ሐኪም «ጥንቸል ላይ ልምድ የለኝም» ሊላችሁም ይችላል። ይህ መልስ ክብር ይገባዋል፤ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።

ልምድ ያለው ሰው ካላገኛችሁስ? በቃ፣ አለማስኮላሸትም አማራጭ ነው። ወንድና ሴቱን በጠንካራ ሽቦ ለያይቶ ማኖር መራባቱን ያስቆማል። በዘፈቀደ ከተሠራ ቀዶ ሕክምና የተለየ ቤት ይሻላል።

በሬ የሚኮላሽበት መንገድ ለጥንቸል አይሆንም

ይህን ለብቻው መጻፍ ያስፈለገን ሰፈር ውስጥ «እኔ እሠራላችኋለሁ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ወይፈንና ሙክት በእንጨት፣ በድንጋይ ወይም ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ይኮላሻሉ። ጥንቸል ላይ ይህ አይሞከርም። የወንድ ጥንቸል የዘር ፍሬ ወደ ሆዱ ተመልሶ መግባት ይችላል፤ ሰውነቱ ደቃቃ ነው፤ በሕመምና በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል። በላስቲክ ማሰር፣ ያለ ማደንዘዣ በምላጭ መቅደድ የሚባል ነገርም የለም። ጭካኔ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ዝግጅት

ቀጠሮ ከያዛችሁ በኋላ ያለው ጊዜ የጥንቸሏን ሁኔታ የምታጠኑበት ነው።

መዝኗት። ሰፈር ያለ ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ መዝኑ፣ የካርቶኑን ቀንሱ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ለማደንዘዣውም ለመድኃኒቱም የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ነው።

በጠጧን ተመልከቱ። ጤነኛ ጥንቸል በቀን በርካታ ክብ፣ ደረቅና እኩል የሆነ በጠጥ ትጥላለች። አንድ ፎቶ አንሡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። የምታስነጥስ፣ አፍንጫዋ የሚፈስ፣ የምታስቀምጥ ወይም የከሳች ከሆነ ቀጠሮውን አራዝሙ።

ምግቧን አትቀይሩ። ከምትበላው ትልቁ ድርሻ ሳርና ድርቆሽ መሆን አለበት። ሰርዶ፣ የዝሆን ሳር፣ ንጹሕ ድርቆሽ ጥሩ ናቸው። ፉርሽካ፣ ዳቦ፣ እንጀራና ድንች አንጀቷን ያዛባሉ። ካሮት ስኳር ስላለው ለቅምሻ ብቻ ይሁን። አቮካዶና ሽንኩርት መርዝ ናቸው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ጫት። ፍየሎቻችን ገራባ ለቅመው ሲበሉ ስላየን ጥንቸልም ትችላለች ማለት አይደለም። ጫት ልብን የሚያፈጥንና የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ንጥረ ነገር አለው። መብላት ሕይወቷ ለሆነች እንስሳ፣ ያውም ማደንዘዣ ልትወስድ ላለች፣ ገራባ ፈጽሞ አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሚቃም ከሆነ ወለሉን ጥረጉ። ሁለተኛ፣ ለጋ ማሽላ። ገበሬ ለከብት የሚያመጣው ለጋ የማሽላ ቅጠል ሲያናይድ የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ለጥንቸል አይሁን።

በዚያው ሳምንት እነዚህን ዕቃዎች አዘጋጁ፦ ሁለት ሦስት ንጹሕ ፎጣ ወይም አሮጌ ጨርቅ፣ መርፌ የሌላቸው ትናንሽ ሲሪንጆች፣ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ዝቅ ያለ የውሃ ሳህን፣ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ካርቶን ወይም ሳጥን። ሰጋቱራ ለጊዜው ይቅር፤ ቁስል ላይ ይጣበቃል።

የቀዶ ሕክምናው ቀን

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ትብላ። ስትሄዱም ከምትወደው ሳርና ጎመን በፌስታል ያዙ፤ ስትነቃ የምታውቀው ምግብ ቶሎ ያጓጓታል።

ጀጎል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ብዙው መንገድ መኪና ስለማያስገባ እስከ በር ድረስ በእግር ነው። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑት፣ ጨለማ ያረጋጋታል። በመኪና ግርግር የስፌት መኪናዎች ጩኸት መሐል ወይም በገበያው ግፊያ ውስጥ ከማለፍ ጸጥ ያለውን መንገድ ምረጡ። ጥንቸል በድንጋጤ ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። በጆሮዋ አንጠልጥሎ መያዝ የሚባል ነገር አይሠራም፤ አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫዋ ሥር።

ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ላይ ሳጥኑን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ ጣሪያ ላይ አይጫን። ሐረር ደጋማ ስለሆነች አየሯ ለጥንቸል ይስማማል። ወደ ድሬዳዋ የምትወርዱ ከሆነ ግን በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ተጓዙ። ጥንቸል ላብ አያልባትም፣ ሙቀት የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው፤ የቀትር ሙቀት ይገድላታል።

ክሊኒክ ስትደርሱ ከውሾች ርቃችሁ ተቀመጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ነቅታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ተቀምጣ እዩዋት። ገና የምትንገዳገድና ቀዝቃዛ ከሆነች «ትንሽ እንቆይ» በሉ። የሐኪሙን ስልክ፣ የተሰጣትን መድኃኒት ስምና የሚቀጥለውን ሰዓት በወረቀት ተቀበሉ።

የመጀመሪያው ሌሊት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በዚያ ሌሊት አንድ ሰው አይተኛ፣ ወይም ተራ ግቡ።

ሙቀት። ከማደንዘዣ የነቃች ጥንቸል ሙቀቷ ይወርዳል። የሃይላንዱን ጠርሙስ በሞቀ ውሃ ሙሉት፣ በፎጣ ጠቅልሉትና ከጎኗ አስቀምጡት። ዙሪያዋን አትክበቧት፤ ሲሞቃት መሸሽ መቻል አለባት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። የሐረር ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ መብራትም ይጠፋል፣ ስለዚህ የሞቀ ውሃ በፔርሙስ ይዘጋጅ።

ቦታ። ወለል ላይ፣ ለጥ ባለ ቦታ ትተኛ። የባህላዊው የሐረሪ ቤት መደቦች ለሰው ቢያምሩም ለእሷ ከፍታ ናቸው፤ ዘልላ ብትወርድ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል። ሕፃናትና ሙዚቃ ይራቁ።

ምግብ። ከተመለሰችበት ሰዓት ጀምሮ ሳር፣ ድርቆሽና ለምለም ቅጠል አፍንጫዋ ሥር ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ትንሽ መቀንጠስ ከጀመረች እሰየው። ትንሽ በጠጥም ስታዩ ደስ ይበላችሁ! አንጀቷ ሠራ ማለት ነው።

በየሰዓቱ ጻፉ፦ በላች? ጠጣች? ጣለች? ሸናች? ተንቀሳቀሰች? ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ። ነገ ሐኪሙ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያልበላችው?» ሲላችሁ ግምት ሳይሆን መልስ ይኖራችኋል።

እምቢ ካለችስ?

ከነቃች ከ6 ሰዓት በኋላም ምንም ካልቀመሰች ወደ ሐኪሙ ደውሉና በሲሪንጅ መመገብ እንድትጀምሩ ጠይቁ። ውጭ አገር ለዚህ የተዘጋጀ ዱቄት ይሸጣል፤ እዚህ ካልተገኘ እንክብል መኖዋን በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አልሙት፣ ወይም ቅጠሉን በውሃ ፈጭታችሁ አጥልሉት። ሲሪንጁን ከፊት ጥርሶቿ ኋላ፣ በጉንጯ በኩል አስገቡ። አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ስጡና እስክታኝክና እስክትውጥ ጠብቁ። በጀርባዋ አታስተኟት፣ አትግፉባት፤ ምግቡ ሳንባ ከገባ ሌላ በሽታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተነፋና ከጠነከረ፣ ወይም ጆሮዋ ቀዝቅዞ ከዛለች በጉልበት አትመግቧት። ያኔ ምግብ አያድናትም፤ ሐኪም ነው።

መድኃኒት፦ እዚህ ላይ ብዙ ጥንቸል ይሞታል

ፋርማሲ ገብቶ «ለቁስል አሞክሲሲሊን ስጠኝ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ለጥንቸል ግን በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን መርዝ ነው። አምፒሲሊን፣ አሞክሲክላቭ፣ ክሎክሳሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም እንዲሁ። እነዚህ መድኃኒቶች የአንጀቷን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይገድሉና መርዝ የሚያመነጩት እንዲፈሉ መንገድ ይከፍታሉ። ከዚያ ከባድ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሞት። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል «ቁስሉ ድኖ ነበር፣ ምን ነካት?» ትላላችሁ።

ሐኪም ለጥንቸል አንቲባዮቲክ ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ ነው። መጠኑ በክብደቷ ይሰላል። ከቤት ተነሥቶ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የለም።

የሕመም ማስታገሻ ግን ቅንጦት አይደለም። ያመማት ጥንቸል አትበላም፣ ያልበላች ደግሞ ትሞታለች። ለጥንቸል በሰፊው የሚሰጠው ሜሎክሲካም ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን በሰዓቱ ስጡ፤ «ደህና መስላለች» ብላችሁ አታቋርጡ። ዳይክሎፍናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ሌላ የሰው መድኃኒት በራሳችሁ ግምት አትስጡ።

አንድ ሌላ፦ ለውሻ የሚረጨው ፊፕሮኒል የሚባለው የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል። ቤት ውስጥ ውሻ ካለና ከተረጨ አራርቋቸው።

ቁስሉን መያዝ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ተመልከቱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሴቷ ሆዷ መሐል ላይ፣ ወንዱ እግሮቹ መካከል ቁስል ይኖራቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እብጠትና መቅላት ያለ ነው። ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት እንጂ መጨመር የለበትም።

ቁስሉ ደረቅ ይሁን፣ አትጠቡት። ቡና አትነስንሱበት። ማር፣ እሬት፣ ቫዝሊንና አልኮል አትቀቡት። ቡና ለእኛ የአባቶች መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ጥንቸል ግን ቁስሏን ትልሳለች፣ የቀባችሁትን ሁሉ ትውጣለች።

ለውሻ አንገት የሚደረገውን ፕላስቲክ ማሰሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታድርጉላት። ጥንቸል ከተለመደው በጠጥ ሌላ ለስላሳና የተያያዘ ኩስ ከመቀመጫዋ በቀጥታ ትበላለች። አትጸየፉት፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት የተፈጥሮ መንገዷ ነው። አንገቷ ከታሰረ ይህን ማድረግ አትችልም።

ዝንብ ጠላት ነው። ሽንት የነካው ጨርቅ በየቀኑ ይቀየር። ዝንብ በረጠበ ፀጉርና በቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል፣ ትሉም በአንድ ቀን ውስጥ ሊፈለፈል ይችላል። ቆሻሻ ሲበዛና ዝናብ ሲሆን ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ከግቢ ውጭ ያለው ዓለም

ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ የሥጋ ገበያው ላይ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች ያውቃል፤ ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ይሄዳሉ። ትንሽ ጥንቸል ለእነሱ ምሳ ናት። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። የጀጎል ግንብ ለጅቦች መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ከጅብ ጋር መኖር የከተማችን ባህልና ኩራት ነው። ለጥንቸል ግን ሽታው ብቻ ድንጋጤ ነው። የግቢ ድመቶችም አሉ።

ስለዚህ ቢያንስ ለ10 ቀን ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ትቀመጥ። ሮጣ የምታመልጥበት ጉልበት የላትም።

አሁኑኑ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

• ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች ወይም ምንም በጠጥ ካልጣለች
• ሆዷ ከተነፋና ከጠነከረ
• ጆሮዋና እግሮቿ ከቀዘቀዙ፣ ከዛለች
• ተኮራምታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን በጣም እያፋጨች ከተቀመጠች (ጥንቸል ሲያማት አትጮኽም፣ ምልክቷ ይህ ነው)
• ቁስሉ ከደማ፣ ከተከፈተ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ
• ተቅማጥ ከያዛት
• አፏን ከፍታ ከተነፈሰች

ከነዚህ አንዱን ካያችሁ «እስከ ነገ እንይ» አይባልም። ጥንቸል ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። ለእናንተ መታየት ከጀመረ ቀደም ብሎ ብሶባታል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላስ?

ከ2ኛው እስከ 3ኛው ቀን የምግብ ፍላጎቷ ወደ ቀድሞው መመለስ አለበት። ከዚያ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ መዝለልና መሮጥ ይገደብ። ከላይ የሚታይ ክር ካለ ወደ 10ኛው ቀን ገደማ ሐኪሙ ያወጣዋል፤ እናንተ በመቀስ አትንኩት።

ጓደኛ ካላት ድምፅና ሽታ እንዲለዋወጡ በሽቦ መሐል ጎን ለጎን አቆዩዋቸው። ሴቷ ከተኮላሸች ያልተኮላሸ ወንድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አይጠጋት። ወንዱ ሲኮላሽ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል። «ተኮላሽቷል» ብላችሁ በሳምንቱ ከሴት ጋር ብትለቁት በወሩ ግልገል ትቆጥራላችሁ። 6 ሳምንት ሙሉ ጠብቁ። ጠባዩም የሚለወጠው በዚያው ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ ነው።

ባጭሩ፦ አታጹሟት፣ የሚያውቅ ሐኪም ፈልጉ፣ አሙቋት፣ ሕመሟን አስታግሱላት፣ የሰው አንቲባዮቲክ አትስጧት፣ በጠጧን ቁጠሩ። ሳር እያኘከች ካያችኋት ትልቁን ወንዝ ተሻግራችኋል።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት። ጥንቸል ላለው ጓደኛችሁም አሁኑኑ ላኩለት፤ ቀጠሮው ነገ ጠዋት ከሆነ ዛሬ ማታ ሳሯን ከፊቷ እንዳያነሣ።